ምን እንደ ለወጥን መሣሪያው ይነግረናል፤ ለምን እንደ ለወጥን ግን ማን ይንገረን?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለብራናና ለቀለም ብቻ የተነገረ ይመስለን ይሆናል። ነገሩን ልብ ብለን ስንመረምረው ግን በአሁኑ ዘመን ይህ ምሳሌ ከማንም ይልቅ የሚመለከተው የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፈውን ሰው ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ጽፎ፣ ፈርሞና አሽጎ ይገላገላል። ፕሮግራመሩ ግን ትናንት የጻፈውን ዛሬ ይሰርዛል፤ ዛሬ የሰረዘውን ነገ ይመልሳል፤ አንዲት መስመር አስተካክላለሁ ሲል ሌሎች አምስት ስፍራዎችን ይነካል። ሥራው ከመጻፍ ይልቅ መለወጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰው ደግሞ ዘንጊ ፍጡር ነውና የለወጠውን ሁሉ በልቡ ይዞ ሊኖር አይችልም።

ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው ጉዳይ ለዚህ ዝንጋታ መድኃኒት እንዲሆኑ ኤዲተር በሚባለው የኮድ መጻፊያ ውስጥ ስለ ተሠሩት ትንንሽ ረዳቶች ነው። በጽሑፉ ጠርዝ የምትታይ የቀለም ጭረት፣ ወደ መጨረሻው የእርማት ስፍራ የምትመልስ ቁልፍ፣ የትናንቱን ቅጂ ደብቆ የሚያቆይ መዝገብ፣ እነዚህን የመሳሰሉት ነገሮች በማስታወቂያ አይነገርላቸውም፤ በትምህርት ቤትም ብዙ ጊዜ አይወሱም። ይሁን እንጂ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው የኢንተርኔት ሥልጠና በአገራችን ከተጀመረ ወዲህ ኮድ መጻፍ የጥቂት ሰዎች ጥበብ መሆኑ እየቀረ ሄዷል። ስለዚህ ተማሪውም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ወጣት ሠራተኛ የእነዚህን ረዳቶች ጥቅም፣ ይልቁንም የጥቅማቸውን ወሰን፣ ገና ከጅምሩ ቢያውቅ መልካም ነው ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወሰው «መልስልኝ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። ዛሬ ማንም ሰው ኮንትሮልና ዜድ የተባሉትን ሁለት ቁልፎች አንድነት ተጭኖ ያበላሸውን ይመልሳል፤ ነገሩ ግን ያለ ድካም የተገኘ አይደለም። ዋረን ታይትልማን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ፣ ሊስፕ በተባለው ቋንቋ ለሚሠሩ ሰዎች «የፕሮግራመሩ ረዳት» ብሎ የሰየመውን መሣሪያ ሠርቶ በ1972 ስለ እርሱ ጽፎ ነበር። ሐሳቡም ኮምፒዩተሩ የታዘዘውን ፈጽሞ ዝም ከማለት ይልቅ የተደረገውን ሁሉ በመዝገብ እየያዘ እንዲሄድ፣ ባለቤቱ ሲጸጸትም የተደረገውን እንዲያፈርስለት ነበር።

ከዚያ በኋላ በተነሡት ኤዲተሮች ይህ ትእዛዝ እየሰፋ ሄደ። ቪአይ የተባለው ኤዲተር በመጀመሪያው ዘመኑ መመለስ የሚችለው የመጨረሻዋን አንዲት ለውጥ ብቻ ነበር። የእርሱን ፈለግ ተከትሎ ብራም ሞሌናር የተባለው ሆላንዳዊ በ1991 ያወጣው ቪም ግን ከዚህ እጅግ ርቆ ሄዷል። በብዙ ኤዲተሮች ዘንድ አንድ ሰው አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ አንዲት አዲስ ፊደል ቢጽፍ የተመለሰባቸው አምስቱ እርምጃዎች እዚያው ይጠፋሉ። ቪም ከ2006 ጀምሮ ለውጦቹን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አድርጎ ስለሚይዛቸው አንዱ ሲበቅል ሌላው አይደርቅም፤ «ከአሥር ደቂቃ በፊት የነበረውን አሳየኝ» ቢሉትም ያሳያል። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ባለቤቱ ከፈቀደለት ፋይሉ ተዘግቶ እንደገና ሲከፈት እንኳ ይህን ትዝታ ይዞ ይገኛል።

የጥንት የብራና ጸሐፊዎቻችን ሥራ ይህንኑ ልዩነት በግልጽ ያሳየናል። አንዳንዱ ጸሐፊ የተሳሳተውን ቃል በቢላዋ ፍቆ በስፍራው ሌላ ይጽፍበታል፤ የቀድሞው ቃል ምን እንደ ነበረ ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ የለም። ሌላው ግን ከፊደሉ በላይና በታች ጭረት ያደርግና «ይህ ይቅር» ማለቱን ያመለክታል፤ አንባቢውም የቀረውንም የተተካውንም አንድነት ያያል። ፕሮግራመር ሊመርጥ የሚገባው የሁለተኛውን መንገድ ነው። የምንናገርላቸው ረዳቶችም በሥራቸው ይህችን ጭረት ይመስላሉ።

ሁለተኛው ረዳት እንግዲህ በጽሑፉ ግራ ጠርዝ የምትታየው የቀለም ምልክት ናት። ማይክሮሶፍት ባወጣው ቪዥዋል ስቱዲዮ ውስጥ ፋይሉ ከተከፈተ ወዲህ ተነክቶ ገና ሴቭ ያልተደረገ መስመር ቢጫ ምልክት ይወጣበታል፤ ሴቭ ሲደረግ ምልክቱ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። በ2015 በወጣው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ዘንድ ግን ማወዳደሪያው ሌላ ነው። ይህኛው ጊት ከተባለው የለውጥ መዝገብ ጋር እያስተያየ አዲስ የተጨመረውን መስመር በአረንጓዴ፣ የተለወጠውን በሰማያዊ፣ መስመር የተሰረዘበትን ስፍራ በትንሽ ቀይ ሦስት ማዕዘን ያመለክታል። ሁለት ጽሑፎችን አስተያይቶ ልዩነታቸውን ብቻ የማውጣት ጥበብ ራሱ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ዲፍ የተባለውን ፕሮግራም በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የሠራው ዳግላስ ማክኢልሮይ በ1976 ከጄምስ ሀንት ጋር ሆኖ አሠራሩን በጽሑፍ ገልጾታል።

እዚህ ላይ ተማሪው አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። ሁለቱ ኤዲተሮች አረንጓዴ ቀለም ቢያሳዩም የሚናገሩት ነገር አንድ አይደለም። የመጀመሪያው «ይህን ፋይል ከከፈትህ ወዲህ ይህን ነክተህ አስቀምጠሃል» ሲል፣ ሁለተኛው «ባለፈው መዝገብህ ያልነበረ መስመር ጨምረሃል» ይላል። ምልክቱ ከምን ጋር ተወዳድሮ እንደ ተሰጠ ሳያውቁ በቀለሙ ብቻ መተማመን፣ ሰዓቱ የየትኛው አገር እንደ ሆነ ሳይጠይቁ ቀጠሮ እንደ መያዝ ነው።

ሦስተኛው ረዳት ስፍራን የሚያስታውስ ነው። ወጣቱ ባለሙያ ሥራውን በመካከል ሳለ አለቃው ይጠራዋል፤ ስልክ ይደወልለታል፤ ስብሰባ ይገባል። ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ያው ነው፤ ሐሳቡ ግን ተበትኗል። ክሪስ ፓርኒንና ስፔንሰር ሩጋበር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህንኑ ጉዳይ ለማወቅ የ86 ፕሮግራመሮችን 10,000 የሥራ ጊዜያት መዝገብ መርምረው ነበር። እንዳገኙትም በአብዛኛው ጊዜ ፕሮግራመሩ ሲመለስ ወዲያው መጻፍ አይጀምርም፤ አስቀድሞ ወደ ልዩ ልዩ ስፍራዎች እየተዘዋወረ የት እንደ ነበረና ምን ያደርግ እንደ ነበረ ይፈልጋል። ይህን ፍለጋ የሚያሳጥር ቁልፍ በብዙ ኤዲተሮች ውስጥ አለ። በኤክሊፕስ ኮንትሮልና ኪው፣ በኢንተሊጄይ አይዲያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ባክስፔስ በአንድነት ሲጫኑ ጠቋሚዋ በመጨረሻ ወደ ታረመው ስፍራ ትመለሳለች። ቪም ለእያንዳንዱ ፋይል እስከ 100 የሚደርሱ የለውጥ ስፍራዎችን በተራ ይይዛል። አንዳንድ ፕሮግራመሮችም ከመነሣታቸው በፊት ሆን ብለው አንዲት የማትሠራ መስመር ጽፈው የመሄድ ልማድ አላቸው፤ ሲመለሱ ፕሮግራሙ አልሄድም ብሎ «እዚህ ነበርህ» እንዲላቸው ነው። የሰው ብልሃት እንዲህ ያለ ነው።

አራተኛው ማንም ሳያዝዘው የሚጽፍ መዝገብ ነው። ፋይሉ ሴቭ በተደረገ ቁጥር ኤዲተሩ የቀድሞውን ቅጂ ለብቻው ያስቀምጣል። ኢንተሊጄይ አይዲያ በተለመደው አኳኋኑ የ5 የሥራ ቀናት፣ ኤክሊፕስ የ7 ቀናት ለውጥ ይይዛሉ፤ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድም ይህንኑ አገልግሎት በ2022 ጨምሯል። ነገር ግን ይህ መዝገብ የሚኖረው በዚያው በአንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ኮምፒዩተሩ የተሰረቀ ወይም የተቃጠለ እንደ ሆነ መዝገቡም አብሮ ይጠፋል።

እነዚህን ነገሮች በመዘርዘራችን «ይህ ሁሉ የሰነፍ ምርኩዝ ነው፤ ጎበዝ ፕሮግራመር የሠራውን አይረሳም» የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አናጣውም። ለእነዚህ ወንድሞቻችን አንድ የታወቀ ታሪክ እንጠቅስላቸዋለን። በየካቲት ወር 2014 አፕል የተባለው ታላቅ ኩባንያ በስልኮቹና በኮምፒዩተሮቹ ውስጥ ያለ አንድ አደገኛ ጉድለት አርሟል። ጉድለቱ የተገኘው በኢንተርኔት የሚላክን ምስጢር በሚጠብቀው ኮድ ውስጥ ሲሆን፣ ምክንያቱም አንዲት አጭር መስመር ሁለት ጊዜ መጻፏ ነበር። የመጀመሪያዋ መስመር «ምርመራው ካልተሳካ ወደ መጨረሻው ዝለል» የሚለው ትእዛዝ ክፍል ነበረች። ሁለተኛዋ ግን «ካልተሳካ» የሚል ቅድመ ነገር ስለሌላት ፕሮግራሙ ሁልጊዜ እየዘለለ፣ ዋናውን የፊርማ ምርመራ ሳያደርግ «ሁሉ ደኅና ነው» ይል ነበር። ስለዚህ በመካከል የገባ ክፉ ሰው ራሱን የታመነ ባንክ አስመስሎ ለመቅረብ ይችል ነበር። የቀድሞውንና የኋለኛውን ኮድ አስተያይተው የተመለከቱ ሰዎች ያችን የተጨመረች አንዲት መስመር ለይተው አይተዋታል።

ያን ኮድ የጻፉት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። የቀለም ምልክት ቢኖር ኖሮ ጉድለቱ ይቀር ነበር ብለንም አንከራከርም፤ ምልክት የሚያየው ዓይን ያስፈልገዋልና። የምንለው ይህን ብቻ ነው። ብዙ ሺሕ መስመር ባለበት ጽሑፍ ውስጥ አንዲት የተደገመች መስመር ለሰው ዓይን ትሰወራለች፤ «ዛሬ የተለወጡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው» ተብሎ ሲለይለት ግን ዓይን የሚያርፍበት ያገኛል። የትንሹ ረዳት ጥቅም ሰውን ከማሰብ ማሳረፍ አይደለም፤ ሐሳቡን የት እንደሚያሳርፍ ማመልከት ነው።

ሌሎች ደግሞ «ጊት ካለ የቀረው ሁሉ ትርፍ ነው» ይላሉ። እርግጥ ነው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የሠራው ጊት የለውጥ መዝገብን ነገር እጅግ አሻሽሎታል። ነገር ግን ጊት የሚመዘግበው መዝግብ ሲባል ብቻ ነው። በአንዱ ምዝገባና በሚቀጥለው መካከል ግማሽ ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም ሳምንት ያልፋል። በዚህ መካከል የሚሠራው፣ የሚፈርሰውና የሚረሳው ሁሉ ከመዝገቡ ውጭ ነው። ትንንሾቹ ረዳቶች የሚያገለግሉት ይህንኑ ክፍተት ነው።

በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አስፈላጊ የሚያደርግ አዲስ ሁኔታ መጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው መሣሪያ ኮድ መጻፍ ከጀመረ ወዲህ ፕሮግራመሩ በገዛ ጣቱ ያልጻፋቸው አያሌ መስመሮች በአንዲት ደቂቃ ውስጥ በፋይሉ ይገባሉ። ሰው የጻፈውን ከረሳ፣ ያልጻፈውንማ ከቶ እንዴት ያስታውሳል? ይሁን እንጂ ሥራው ሲመዘገብ የሚወጣው ስም የእርሱ ስም ነው። ተጠያቂነቱም የእርሱ ነው። ስለዚህ በጠርዙ ያለችውን ምልክት አንድ በአንድ እየተከተለ ሳያነብ የተቀበለ ወጣት፣ የሌላ ሰው ደብዳቤ ሳያነብ የፈረመን ሹም ይመስላል።

እስካሁን የረዳቶቹን ጥቅም ተናግረናል። አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር እንናገር። እነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ ምን እንደ ተለወጠ፣ የት እንደ ተለወጠ፣ መቼ እንደ ተለወጠ፣ ከጊት ጋር ሲሆኑም ማን እንደ ለወጠው ይናገራሉ። ለምን እንደ ተለወጠ የሚናገር ግን አንድ ስንኳ የለም። ይህን የሚያውቀው የለወጠው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ካልጻፈው ከእርሱ ጋር ይሄዳል።

በመንግሥት ሥራ ላይ ያለው ወጣት ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ሊያስተውለው ይችላል፤ በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣውን የማሻሻያ አዋጅ ያውቃልና። የማሻሻያ አዋጅ አሮጌውን ሕግ በሙሉ እንደገና አይጽፍም። የትኛው አንቀጽ እንደ ተሰረዘ፣ የትኛው ንዑስ አንቀጽ እንደ ተጨመረ፣ የትኛው ቃል በየትኛው እንደ ተተካ ብቻ ይዘረዝራል። ይህ ዲፍ የሚሠራው ሥራ መሆኑን አንባቢ ይመለከታል። ይሁን እንጂ አዋጁ በቀጥታ ከአንቀጹ አይጀምርም፤ አስቀድሞ በመግቢያው ይህ ለውጥ «አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ» ብሎ ምክንያቱን ያስረዳል። ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጣው ዳኛ የሕጉ መንፈስ ሲያሻማው ወደዚያ መግቢያ ይመለሳል። በኮድ ሥራም ለውጡ በጊት ሲመዘገብ አብሮ የሚጻፈው አጭር መልእክት የአዋጁ መግቢያ ማለት ነው። ብዙ ወጣቶች ግን በዚህ ስፍራ «አስተካክያለሁ» ወይም «ለውጥ» ብለው ጽፈው ያልፋሉ። እንዲህ ያለ መልእክት ካለመጻፍ አይሻልም፤ መለወጡንማ ቀለሟ አስቀድማ ተናግራዋለች።

የዚህ ቸልተኝነት ዋጋ ምን እንደ ሆነ በምሳሌ እንመልከተው። በአንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ መክፈያ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ወጣት ባለሙያ አዲስ መመሪያ ስለ ደረሰው የአበል ማስሊያዋን አንዲት መስመር ለወጠ እንበል። ለውጡ ትክክል ነው፤ ፕሮግራሙም ይሠራል። ምክንያቱን ግን አልጻፈም። ከስድስት ወር በኋላ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ተተኪው ያችን መስመር ሲያያት ቁጥሯ ከሌሎቹ ጋር አልስማማ አለው። ማን እንደ ለወጣት ጠየቀ፤ ጊት ስሙንና ቀኑን ነገረው። ለምን ብሎ ቢፈልግ ግን «አስተካክያለሁ» ከሚለው ቃል በቀር አላገኘም። ስሕተት መሰለውና ወደ ቀድሞው መለሳት። በወሩ መጨረሻ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛና የጽዳት ሠራተኛ የቤት ኪራይ የሚከፍሉበት ገንዘብ ጎድሎ ተገኘ። እዚህ ላይ ሁለቱም ባለሙያዎች ትጉሃን ናቸው፤ መሣሪያዎቹም ሥራቸውን ሠርተዋል። የጎደለው ግማሽ መስመር ምክንያት ነው። እርሷን የሚጽፍ መሣሪያ ቢኖርም እንኳ በሰውዬው ልብ የነበረውን ሊያውቅ አይችልም።

በጊት ውስጥ እያንዳንዱን መስመር ማንና መቼ እንደ ለወጠው የሚያሳየው ትእዛዝ ብሌም ይባላል፤ ትርጉሙም ወቀሳ ማለት ነው። ስሙ አልተመቸንም። በየመሥሪያ ቤቱ ይህ ትእዛዝ ጥፋተኛን ለማደን ከዋለ ሰዎች ለውጣቸውን መሸሸግ ይጀምራሉ፤ ምክንያቱንም ለመጻፍ ይፈራሉ። «ስለዚህ መስመር ማንን ልጠይቅ?» ለማለት ከዋለ ግን የመማማሪያ በር ይሆናል። አለቆችም ይህን ልዩነት እንዲጠብቁ አደራ እንላለን።

እንግዲህ ለወጣቱ የምንመክረው ከባድ ነገር አይደለም። የምትጠቀምበት ኤዲተር ምንም ይሁን ምን በጠርዙ ያለችው ቀለም ምን እንደምትል አስቀድመህ ጠይቀህ እወቅ። ወደ መጨረሻው እርማትህ የምትመልሰውን ቁልፍ ጣትህ እስኪለምዳት ተለማመድ። ሥራህን ከመመዝገብህ በፊት ለውጦቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብብ፤ አላስታውሰውም የምትለው ለውጥ ብታገኝ እስክታውቀው ድረስ አትለፈው። ከዚያም «ምን» የሚለውን ለመሣሪያው ትተህ «ለምን» የሚለውን በአንድና በሁለት ዓረፍተ ነገር በገዛ ቋንቋህ ጻፍ። የደረሰህ መመሪያ ከሆነ ቁጥሩን፣ የተነገረህ ስሕተት ከሆነ ስሕተቱን፣ የሞከርኸው ሌላ መንገድ ካለም ያ መንገድ ያልሆነበትን ምክንያት አመልክት። ይህን ሁሉ ለማድረግ ቡና እስኪፈላ ያህል እንኳ ጊዜ አይፈጅም።

መምህራንም ኮድ ሲያስተምሩ የተማሪውን ፕሮግራም መሥራትና አለመሥራት ብቻ ከመመዘን አልፈው የለውጡን መዝገብ እንዲመለከቱለት እንመኛለን። ተማሪው በደረሰበት ውጤት ብቻ ሳይሆን የደረሰበትን መንገድ አስረድቶ በመጻፉ ጭምር ቢመሰገን፣ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የሚተካው ሰው የሚያነበውን ነገር ትቶ የሚሄድ ባለሙያ ይሆናል። መሣሪያው የምን ለውጥ እንደ ተደረገ እያመለከተ ቢያግዘንም፣ ምክንያቱን ጽፎ ለሚመጣው ማውረስ የእያንዳንዳችን ድርሻ ነው።